ለውበት ሲባል ስለተቆረጠው ሽቦ

ለተከበሩ የሕንፃችን አስተዳዳሪ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደ አዲሱ ቀለማችን የፈካ፣ እንቅልፍዎም እንደተለመደው የቢሮዎ ስልክ ሲጮኽ እንኳ የማይቋረጥ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ።

ባለቤቴን ያውቁታል፤ ሦስተኛ ፎቅ የሚኖረው፣ ጎረቤቱ ሁሉ “የጊታር ሐኪም” የሚለው ነው። ሕመምተኞቹ አብዛኞቹ ባለ አንድ ጥቅል ፒክአፕ ያላቸው አሮጌ ጊታሮች ናቸው። ፒክአፕ ማለት ከክሮቹ ሥር ሆኖ ንዝረታቸውን ለድምፅ ማጉያው የሚያቀብል፣ ማግኔት ላይ የተጠመጠመ ቀጭን ሽቦ ነው። ድምፁ ማር ነው፤ ጠባዩ ግን እንደ እኔ ነው፤ በሰፈሩ ያለውን ሁሉ ካልሰማሁ ይላል፤ ከአምፖሉም ከቆጣሪውም የለቀመውን ይዞ “እምምም” ይላል። ባለቤቴ ታዲያ የጊታሩን ሆድ ከፍቶ በመዳብ ወረቀት ይለብጠዋል፤ ወረቀቱም ጫጫታውን ሰብስቦ በማጉያው፣ በሶኬቱና በመሬት ሽቦው በኩል ወደ ምድር ይሸኘዋል። ይሸኘው ነበር ማለቴ ነው።

ወደ ምስጋናዬ ልግባ።

1ኛ፦ ባለፈው ወር ሕንፃው ሲቀባ፣ ከቆጣሪው ሳጥን ወጥቶ መሬት የሚገባውን አረንጓዴና ቢጫ ሽቦ “እይታ ያበላሻል” ብለው ስላስቆረጡልን እናመሰግናለን። ቀቢው “ጋሼ፣ ይሄ ይቆረጥ እንዴ?” ብሎ ሲጠይቅዎ “አንተ ዝም ብለህ ቀለምህን ቀባ!” እንዳሉት የጥበቃችን ሚስት ነግራኛለች። እሷ ደግሞ ወሬ አትጨምርም፤ የምጨምረው እኔ ነኝ።

2ኛ፦ ከዚያ ወዲህ ጊታሮቹ ተለብጠውም “እምምም” ማለቱን ስላልተዉ፣ ባለቤቴ ጥፋቱ የእጁ መስሎት አንዱን ጊታር ሦስት ጊዜ ከፍቶ ዘጋው። በመጨረሻ ጊታሩ ወደ መታጠቢያ ቤቱ በር ሲዞር ጉርምርምታው ጋብ እንደሚል ደረሰበት፤ ስለዚህ አሁን ደንበኛ የሚያስተናግደው ፊቱን ወደዚያ አዙሮ ነው። ልትጠይቀን የመጣችው እናቴም “ልጄ፣ ባልሽ አኩርፎኛል እንዴ?” ብላኛለች።

3ኛ፦ ሁለት ደንበኞች ጊታራቸውን አንሥተው ሄደዋል። አንደኛው ደረጃው ላይ “ሐኪሙ ራሱ ታሟል” ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ቅዳሜ አንዲት የባንድ መሪ አራት ጊታር ይዛ ትመጣለች። ከወደደች የባንዱ ጥገና ሁሉ የእሱ ነው፤ ካልወደደች ግን የሃያ ዓመት ስሙ በሙዚቀኛው ዘንድ ለመበላሸት ግማሽ ቀን ይበቃዋል። እሱም ይኸው ሳሎኑን ከጥግ እስከ ጥግ ሲለካው ይውላል፤ ይቀመጣል፣ ይነሣል፣ ሶኬቱን ነቅሎ ይሰካል።

4ኛ፦ ሽቦው እንዲመለስ ቀደም ሲል የጻፍኩትን ማመልከቻ አንብበው “ጊታር ቅንጦት ነው” ስላሉን እናመሰግናለን። የጠየቅኩት የመብራት ሠራተኛ ያለኝን ግን ልሰውርብዎ አልችልም። ያ ሽቦ ለጊታር የተዘረጋ አይደለም፤ የልብስ ማጠቢያው ወይም ፍሪጁ ኤሌክትሪክ ሲያፈስ የነካውን ሰው እንዳይገድል ነው። መቆረጡን ለስልሳ አባወራ የተናገረው አንድ አሮጌ ጊታር ብቻ ነው፤ እሱንም ጸጥ ለማሰኘት ባለቤቴ ወር ሙሉ ደከመ።

ከአርብ በፊት አንድ ሽቦ እንደሚቀጥሉልን በመተማመን፣ ከማይጠፋ አክብሮትና ከማይጠፋ ጉርምርምታ ጋር፣

የሐኪሙ ባለቤት

ማስታወሻ፦ እሑድ በቀለሙ ምርቃት ላይ ንግግርዎን በጊታር እንዲያጅብ ስለጋበዙት ባለቤቴ ኮርቷል። ሽቦው ካልተመለሰ ጊታሩ በአዳራሹ ጋብ የሚልበትን አቅጣጫ ከወዲሁ አጥንቷል፤ እሱ ጀርባውን ለክብር ወንበርዎ ሲሰጥ ነው። እኛ ነዋሪዎችም ፊታችንን ወደዚያው አቅጣጫ አዙረን ለመቀመጥ ተስማምተናል።