ሹፌሯ ተኝታለች

ጥቅምት 3፣ ሰኞ

በአዲሱ ሥራ ሦስተኛ ሳምንቴ ተጀመረ። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ላይ ስልኩ ጮኸ። አጠፋሁት። እንደገና ጮኸ። ባሌ ባየው በክርኑ ገፋ አድርጎኝ "ደሜ፣ ያንቺ ነው" ብሎ ተገላበጠ። ተነሣሁ... መነሣት ከተባለ። እግሬ ወለሉ ላይ ነው፣ እኔ ገና ትራሱ ላይ ነኝ።

ውጭው የደብረ ብርሃን ውርጭ። ሞተሩን አስነሥቼ እስኪሞቅ ድረስ እጄን ብብቴ ውስጥ ከትቼ ቆምኩ። ከጠባሴ ሰፈር ጀምሬ የልብስ ስፌት ፋብሪካውን ሠራተኞች ለቃቀምኩ፣ አንድ ሰዓት ሳይሞላ በሩ ላይ አወረድኳቸው። ማታ ደግሞ ወደየቤታቸው። ሌላ ምንም የለም። ደህና ቀን።

ሰባት ዓመት ሆቴል ካሸር ሆኜ ስሠራ የምተኛው እኩለ ሌሊት አልፎ ነበር። የምነሣው ፀሐይ ቤቱን ስትሞላው። አሁንም እኩለ ሌሊት ላይ ዓይኔ እንደ ፈጠጠ ነው፣ ትንሽ ቆይቶ ስልኩ ይጮኻል። ሰውነቴ ሥራ መቀየሬን ገና አልሰማም።

ግን ሹፌር ነኝ። ሕዝብ ሁለት መንጃ ፈቃድ አውጥቼ፣ ቅዳሜና እሁድ በሰው ሚኒባስ እየተተካሁ ቆይቼ፣ ዛሬ ሠላሳ ሰው የምትጭን ኮስተር በእጄ ናት። በፋብሪካው ሴት ሹፌር እኔ ብቻ። ይህን ስጽፍ ብቻዬን ፈገግ አልኩ።

ጥቅምት 5

ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ተኛሁ። ማለቴ ጋደም አልኩ። ሳሎን ውስጥ ቴሌቪዥኑ ያወራል። ልጃችን ሮዳስ የቤት ሥራዋን ጮክ ብላ ታነባለች። ባየው ከስልክ ጥገና ሱቁ ሲመለስ ሦስት ሰዓት አለፈ፤ ያኔ ራት ቀረበ፣ ያኔ ወሬ ተጀመረ።

እማማ እናናየሁ፣ የባየው እናት፣ በሩን ገፋ አድርገው ገቡ።

"አመመሽ እንዴ?"

"አይ እማማ፣ ሌሊት ስለምነሣ ነው።"

"በዚህ ሰዓት? ሰው ቢመጣ ምን እላለሁ?"

ዘግተውት ወጡ። ጣሪያውን እያየሁ ቀረሁ።

ጥቅምት 9፣ እሁድ

እስከ ረፋዱ አራት ሰዓት ተኛሁ። እንዴት ይጣፍጣል... እማማ ቤተ ክርስቲያን ደርሰው ተመልሰው፣ ቁርስ ተበልቶ፣ እኔ ገና አልጋ ላይ። ሳህኖቹን እያንኳኩ ሲያነሡ ይሰማኛል።

ጥቅምት 10

ትናንት የተኛሁት ለዛሬ አልሆነኝም። እንዲያውም ባሰ። ማታ እንቅልፍ ጭራሽ እምቢ አለኝ፣ ጠዋት ራሴን እንደ ጆንያ ተሸክሜ ነው የወጣሁት። ምን ይሻለኛል?

ጥቅምት 14፣ ዓርብ

የዛሬውን ልጻፈው።

የበሬሳ ወንዝን ድልድይ አልፈን ነበር። መኪናው ውስጥ ሞቋል፣ ሞተሩ አንድ ዓይነት ድምፅ ያሰማል። ዓይኔን መጨፈኔ ትዝ አይለኝም። መንገዱ ብቻ ጠፋ። ከዚያ የፊት ጎማው ከአስፋልቱ ወርዶ ጠጠር ላይ ሲንኮሻኮሽ ሰማሁ። ከጎኔ የምትቀመጠው ሔራን "ደሜ" አለች፣ ቀስ ብላ፣ ቡና ጠጪ የምትለኝ ይመስል። መሪውን መለስኩት። ምንም አልነካንም። ማንም አልተጎዳም።

ከዚያስ? መቀጠል እችል ነበር። ፋብሪካው ቅርብ ነው፤ ግማሹ ሰው ምን እንደ ተፈጠረ እንኳ አላወቀም። ዳር ይዤ ቆምኩ። ሞተሩን አጠፋሁ። ተነሥቼ ወደ እነሱ ዞርኩ።

"እንቅልፍ ይዞኝ ነው። ፊቴን ልታጠብና ትንሽ ቆይተን እንሄዳለን።"

ከኋላ አንድ ወንድ "ድሮስ ሴት..." ብሎ ተወው። አንዷ "ልናረፍድ ነው እኮ" አለች። ሔራን ዞር ብላ "ባትነግረን ይሻል ነበር?" አለቻት። እዚያው አበቃ።

የጀሪካኑ ውሃ በረዶ ነው። ፊቴን፣ አንገቴን፣ ክንዴን ታጠብኩ። ጉሙ ውስጥ መኪናውን እየዞርኩ ተራመድኩ። እያዩኝ ነበር፣ ሁሉም። በሕይወቴ እንደዚያ ታይቼ አላውቅም።

አረፈድን። የስምሪት ኃላፊው ገብረአብ በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል።

"ጎማ ነው?"

አዎ ብል አለቀ። ራሱ መልሱን አቀብሎኛል።

"አይደለም። አንቀላፋሁ።"

ለቁልፉ እጁን ዘረጋ። "እስከ ሰኞ አትነጂም። ሰኞ ትመጫለሽ። ከዚያ በኋላ እንዲህ ያለ ነገር ከተደገመ ግን ሌላ ሰው ነው የምፈልገው። የሙከራ ጊዜ ላይ ነሽ።"

"እሺ" አልኩት። ቁልፉን አስረከብኩት።

ጥቅምት 15፣ ቅዳሜ

ትናንት ማታ ለባየው ነገርኩት። መጀመሪያ ደነገጠ፣ ከዚያ "ተይው በቃ" አለኝ። "ሆቴሉ እኮ ተመለሺ ብሎሻል። ልጅ አለሽ።"

"ልጅ ስላለኝ ነው የቆምኩት።"

ጀርባ ተሰጣጥተን ተኛን። እሱ ተኛ።

ዛሬ ጠዋት ጋሽ ሠረቀብርሃን ጋ ሄድኩ። እዚሁ መንደራችን ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ በአዲስ አበባ መስመር አውቶቡስ ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ። ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ ሲሞቁ አገኘኋቸው። ከነገሩ ምንም አላስቀረሁም።

"ቆመሽ ነገርሻቸው?" አሉ።

"አዎ።"

"ሰዎቹን?"

"ሰዎቹንም፣ አለቃዬንም።"

"በይ እንግዲያ፣ ሌላው ልምድ ነው።" ጋቢያቸውን ሰብሰብ አደረጉ። "ስንት ሰዓት ትነሻለሽ?"

"አሥር ሰዓት።"

"እሁድስ?"

"እሁድማ... ረፋድ ላይ።"

ሳቁ። "እሁድ ሌላ አገር ታድሪና ሰኞ ደብረ ብርሃን ትመጫለሽ። ታዲያ ሰውነትሽ የትኛውን ይመን?"

ከዚያ ዘርዝረው ነገሩኝ። መነሻሽን አትንኪው፣ እሁድም ቢሆን፣ በዓልም ቢሆን፣ እንቅልፍ ያጣሽ ዕለትም ቢሆን። ተነሽ፤ መተኛውን ሰውነትሽ ራሱ ያመጣዋል። ከምሳ በኋላ ቡና የለም። ቀን ሲደክምሽ መኪናው ውስጥ ትንሽ ሸለብ፣ ግን ትንሽ። ስልክሽ ከመኝታሽ ራቅ ይበል፣ እየሄድሽ እንድታጠፊው።

"ስንት ጊዜ ይፈጃል ጋሼ?"

"እኔ እንጃ። እኔን ወር ከምናምን ፈጅቶብኛል። ከለመደ በኋላ ግን አይለቅም። ይኸው ጡረታ ወጥቼ እንኳ አሥር ሰዓት ላይ ተነሥቼ ስንጎራደድ ሚስቴ ትቆጣኛለች።"

ጥቅምት 16፣ እሁድ

አሥር ሰዓት። ተነሣሁ። ስልኩን ሳሎን ነበር ያስቀመጥኩት። ሄጄ አጠፋሁት... እና ምን ልሥራ? ሥራ የለ፣ ቁልፍ የለ። ብርድ ልብስ ተከናንቤ ወንበር ላይ ቁጭ አልኩ። እንደ ሞኝ።

እማማ ነጠላቸውን ለብሰው ከክፍላቸው ወጡ። ሲያዩኝ ደነገጡ።

"ምን ሆንሽ?"

"ተነሣሁ።"

"ሥራ አለሽ ዛሬ?"

"የለኝም። እንድለምድ ብዬ ነው።"

"በይ ለብሰሽ ነይ እንግዲያ።"

አብረን ወጣን። መንገዱ ድንጋይ በድንጋይ፣ ቦዩ ላይ ውሃው ረግቷል። ክንዴን ያዙ፣ አጥብቀው። ለካ በየሳምንቱ በዚህ ጨለማ ብቻቸውን ነው የሚሄዱት። ሰባት ዓመት አንድ ቤት ኖረን አላውቅም ነበር። ተኝቼ ነበራ።

ኪዳኑ ሳይጀመር ደረስን። ስንመለስ ፀሐይ ወጥታለች። በር ላይ ሲደርሱ "ዛሬ አልተሰናከልኩም" አሉ። ይህን ብቻ።

ጥቅምት 17፣ ሰኞ

ቁልፉን ተቀበልኩ። ማንም ስለ ዓርብ አላነሣም። ያ "ድሮስ" ያለው ሰው ግን ከኋላ ተነሥቶ እፊት መጥቶ ተቀመጠ፣ መንገዱን ከኔ ጋ ሲያይ አደረሰኝ። ይየው። ሰላም አልኩት፣ ሰላም አለኝ።

አልደከመኝም አልልም። መስኮቴን ከፍቼ ነው የነዳሁት። በሰዓቱ ገባን።

ጥቅምት 21

ባየው ገና ሳይመሽ ሱቁን ዘግቶ መጣ። "ራት አብረን እንብላ ብዬ ነው" አለ፣ ወደ ሌላ እያየ። አራታችንም አንድ ትሪ ከበብን። መቼ ነበር በሥራ ቀን እንዲህ የበላነው? ሆቴል እያለሁ ሮዳስ ራት ስትበላ አይቻት አላውቅም ማለት ይቻላል። ሽሮውን በአንድ ጎን ብቻ እየቆፈረች እንደምትበላ ዛሬ ነው ያየሁት።

በኋላ ውሃ ልጠጣ ስወጣ ባየው ማዳመጫ ጆሮው ላይ ሰክቶ ኳስ ያያል። አፉን በእጁ ይዞ በዝምታ ይጨፍራል። ሳልታይ ተመለስኩ።

ጥቅምት 25

ዛሬ የሰማሁትን እንዳልረሳው።

ገና ሁለት ሰዓት አልሆነም፣ ጋደም ብያለሁ፣ እንቅልፍና እኔ እንተያያለን። በር ተንኳኳ። የእማማ ማኅበር ሴቶች ናቸው፣ ድምፃቸው ደመቅ ያለ። እማማ ሮጠው ወጡ፤ ሮጠው ነው የምለው፣ በዚያ ጉልበታቸው።

"ቀስ በሉ፣ ቀስ በሉ" ሲሉ ሰማሁ። "ሹፌሯ ተኝታለች።"

"ማን?"

"ሹፌሯ። የልጄ ሚስት። ሌሊት የምታጓጉዘው ስንት ሰው አለ መሰላችሁ። ኑ በጓሮ በኩል።"

ሹፌሯ። እንዲህ ብለው ጠርተውኝ አያውቁም። ሆቴል እያለሁ ሰው ሲጠይቃቸው "ትሠራለች" ነበር የሚሉት፣ የት እንደሆነ ሳይናገሩ። ትራሴን አቅፌ... ደስታ ደግሞ በተራው ከለከለኝ እንቅልፍ። ይሁን።

ኅዳር 2

ሮዳስ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ንባቧን ታነብልኝ ነበር። ሁለተኛው ገጽ ላይ ምን እንዳለ አላውቅም። ጠዋት "ጥያቄውን ሳትመልሽ ተኛሽ" ብላ ወቀሰችኝ። መብራቱንም ያጠፋችው እሷ ናት።

ልጄ አስተኛችኝ።

ኅዳር 12፣ ሚካኤል

ጎረቤት የሚካኤል ዝክር ነበር። ቤቱ ሞቅ ብሏል፣ ጠላው ለሌላው ደርሷል፣ ለኔ ውሃ። ጨዋታው ገና ሲጀመር ተነሣሁ። "ሹመት አገኘሽ እንዴ ደሜ?" "ቁጭ በይ፣ አንድ ቀን ነው" አሉኝ። አንድ ቀን አለመሆኑን እኔ አውቃለሁ። ይቅርታ ብዬ ወጣሁ። ትንሽ ከፋኝ፤ ከመንገዱ ማዶ ሳቃቸው ይሰማኛል። አልጋዬ ላይ ስደርስ ግን ሰውነቴ ሲጠብቀኝ የቆየ ይመስል...

ኅዳር 23

ሣሩ ነጭ ሆኖ ነጋ። የፋብሪካው ሌላኛው መኪና በብርዱ አልነሣ አለ። ሹፌሩ ኮፈኑን ከፍቶ ሲታገል አየሁት። እኔ ቀደም ብዬ መጥቼ አሙቄ ነበር። ገብረአብ ደወለ፤ "ትችያለሽ?" "እችላለሁ።" የኔን አድርሼ፣ ተመልሼ የሱንም ሰዎች ጫንኩ። ሁለት ዙር፣ በዚያ ጉም። መስኮቴን አልከፈትኩም። ዓይኔ ጥርት ብሎ፣ ልቤም ጥርት ብሎ። ስጨርስ ነው ትዝ ያለኝ፣ ስለ እንቅልፍ ጭራሽ አላሰብኩም።

ታኅሣሥ 2

ቋሚ ሆንኩ። ገብረአብ ወረቀቱን ሰጠኝና ወደ ሥራው ተመለሰ። ልወጣ ስል "ቆይ" አለኝ።

"አዲስ ሹፌር ቀጥረናል፣ ገብረ ጻድቅ ይባላል። አንድ ሳምንት ካንቺ ጋ ይውጣ።"

"መንገዱን እንዳሳየው?"

"መንገዱን ያውቃል። አነሣስ አሳይው። አተኛኘትም ጭምር። እና ጎማ ነው ወይ ስለው፣ ጎማ ካልሆነ አይደለም እንዲለኝ።"

ሳቅኩ። እሱም ሳቀ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ መሰለኝ።

ቤት ስነግራቸው ባየው ጭንቅላቴን ይዞ ግንባሬን ሳመኝ። "እኔ እኮ ፈርቼ ነው ያን ቀን" አለ። አውቃለሁ አልኩት። እኔም ፈርቼ ነበር።

ታኅሣሥ 5፣ እሁድ

የሔራን አያት አንኮበር አጠገብ ጎረቤላ ዐርፈው፣ ፋብሪካው መኪናውን ለለቅሶ ፈቀደ። ባልደረቦቿን ይዤ ሄድኩ። እማማም መጡ፤ የአንኮበር ልጅ ናቸው፣ ቤተሰቡን ከልጅነታቸው ያውቁታል። ባየው "ትችያለሽ ወይ?" ብሎ አልጠየቀኝም። "ጋቢ ያዢላቸው" ነው ያለኝ።

በሰዓቴ ተነሣሁ፣ ስልኩ ሳይጮህ። ደግሞም እሁድ።

መንገዱን እወደዋለሁ፤ ገብስ የታጨደበት ሜዳ፣ ከዚያ ገደሉ፣ ከቆላው እየወጣ መንገዱን የሚሸፍነው ጉም። ቀስ ብዬ ነዳሁ። ሔራንን አጽናናን፣ ንፍሮ ቀመስን፣ ከሰዓት በኋላ እሷንም ይዘን ተነሣን።

ስንመለስ ጠመዝማዛው ላይ ጉሙ እንደገና ወረደብን። መብራት አበራሁ። ከኋላ ወሬው እየቀነሰ፣ እየቀነሰ ሄደ፣ ከዚያ ጠፋ። ምን ሆኑ? በመስታወቱ አየኋቸው። ሁለቱ ልጃገረዶች ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፈዋል። ያ "ድሮስ" ያለው ሰው አፉን ከፍቶ። ሔራን ከለቅሶው ድካም ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጥላ። እማማ እናናየሁ ደግሞ ልክ ከኋላዬ፣ ጋቢያቸውን እስከ አገጫቸው ስበው፣ ራሳቸውን መስኮቱ ላይ ጥለው፣ በዚያ ሁሉ ገደል አፋፍ ላይ ጭልጥ ያለ እንቅልፍ።

ሁሉም ተኝተዋል።

ማርሹን ቀስ ብዬ ቀየርኩ፣ እንዳይነቁ።