የተዋሱትን የእህቴን ስም ስለመመለስ

ለተከበሩ የኔትወርክ ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎና ሥራ ለማያጡት ጣቶችዎ ሙሉ ጤና እመኛለሁ። እኔ የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ታናሽ እህት ነኝ፤ በምሳ ሰዓት የእህቴን ምሳ ዕቃ ይዤ እየመጣሁ ከፋይል መደርደሪያው ጀርባ የምቀመጠው፣ ሰላም ሲሉኝ መሬት መሬት የማየው ልጅ። ትምህርቴን ከስምንተኛ ክፍል ስላቋረጥኩ ስለ ኮምፒውተር የማውቀው ጥቂት ነው። ሰው ፊት ቆሞ መናገርም ስለማይሆንልኝ ይህን ጽፌ በመግቢያው ሰሌዳ ላይ በመለጠፌ ይቅርታዎን እለምናለሁ።

መጀመሪያ ምስጋናዬን ይቀበሉ። ባለፈው ማክሰኞ የሠራተኛውን የይለፍ ቃል ጥንካሬ ለመፈተሽ ብለው ከወንበርዎ ሳይነሱ ወደ አሥራ አራት ቅርንጫፎች ኮምፒውተሮች ለመግባት መሞከርዎ ትልቅ ትጋት ነው። ለዚሁ ሥራ መዝገብ ቤት ብቅ ብለው “እህቴ፣ ስምሽን ላንዴ አውሺኝማ፤ አጭር ስለሆነ ለጣት ይመቻል” ሲሉ ከመደርደሪያው ጀርባ ነበርኩ። እህቴም “ይውሰዱት ጋሼ፣ ስም በመዋስ አያልቅ” ብላ ሳቀች። ከዚያ ወደየቅርንጫፉ እየደወሉ “ገባሁ ወይ? አሁንስ?” ሲሉ ድምፅዎን ግድግዳው ሊያስቀረው አልቻለም።

ቅሬታዎቼ ጥቂት ናቸው።

1. በእህቴ ስም በእያንዳንዱ ኮምፒውተር ሦስት ሦስት ጊዜ የተሳሳተ የይለፍ ቃል ስላስገቡ አሥራ አራቱም ተዘጉ። ይህን አልቃወምም፤ በር ጠንካራ መሆኑ የሚታወቀው ባለቤቱንም ውጭ ሲያሳድር ነው።

2. በማግስቱ ቅርንጫፎቹ ሥራ ፈትተው ሲጮኹና ሥራ አስኪያጁ “ማነው ይህን ያደረገው?” ብለው ሲጠይቁ፣ እርስዎ ከኮምፒውተሩ መዝገብ አንድ ገጽ አትመው የእህቴን ስም አሳዩ። በተሰጣት የእገዳ ደብዳቤ ላይ “በአንድ ሰዓት ውስጥ አርባ ሁለት ጊዜ ባልተፈቀደላት መንገድ ለመግባት ሞክራለች” ተብሏል። እህቴ የራሷን ኮምፒውተር ለመክፈት እንኳን ሁለት ጊዜ አማትባ የምትጀምር ሰው ናት። ማክሰኞን ረስተውት ይሆናል፤ መርሳት የሰው ነው፣ ለመርሳት የተመረጠው ቀን ብቻ ትንሽ ገረመኝ።

3. ከደብዳቤው ጋር ያያያዙትን ገጽ እርስዎ አላነበቡትም መሰለኝ፤ እኔ ግን ሌላ የማነበው ስለሌለኝ አነበብኩት። አንደኛው ዓምድ ሰዓት፣ ሁለተኛው የእህቴ ስም፣ ሦስተኛው ሙከራው የተነሣበት ኮምፒውተር ቁጥር ነው። ከላይ እስከ ታች አርባ ሁለት ጊዜ 91 ይላል። የእህቴ ኮምፒውተር 17 ነው። 91 የማን እንደሆነ ለማወቅ ብዙ አልተቸገርኩም። ትናንት ልለምንዎ ወደ ክፍልዎ ገብቼ “ምን ፈለግሽ የኔ ልጅ?” ሲሉኝ ቀና ማለት አቅቶኝ ጠረጴዛዎን አየሁ። ቁጥሩ ኮምፒውተርዎ ላይ በነጭ ወረቀት ተለጥፏል። አንብቤው ወጣሁ።

4. እህቴ ሦስት ቀን እህል አልቀመሰችም።

የዲሲፕሊን ኮሚቴው ሐሙስ ጠዋት ይሰበሰባል። የሰው ኮምፒውተር ሰብራ ልትገባ ነበር ተብላ ለተባረረች ሴት ማንም መዝገብ ቤቱን አምኖ አይሰጥም። ከእናታችን ሞት ወዲህ ያሳደገችኝ እሷ ናት፤ ንጹሕ ስሟ ያላት ነገር ሁሉ ነው። ስለዚህ የምጠይቅዎ ቀላል ነው፦ ያንን ገጽ ይዘው ይምጡና ሦስተኛውን ዓምድ በዚያ ግድግዳ በማያስቀረው ድምፅዎ ያንብቡላቸው። ጉሮሮዎን ካመመዎ፣ ስፈራም ቢሆን፣ እኔ መጥቼ አነባለሁ። አርባ ሁለት ጊዜ 91 ማለት ለዓይን አፋርም አይከብድም።

ትጋትዎን ዘወትር የማደንቅ፣ የተዋሱትን ስም እንደ ወሰዱት ንጹሑን እንዲመልሱ በትሕትና የምጠባበቅ፣
የመዝገብ ቤቷ ታናሽ እህት

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ትናንት ቁጥሩን ስፈልግ፣ በኮምፒውተርዎ ጠርዝ ላይ የተለጠፈችው ቢጫ ወረቀትም ዓይኔ ውስጥ ገባች። እኔ ጥሩ አሳዳጊ ስላለችኝ በላይዋ ያለውን የይለፍ ቃልዎን እዚህ አልጽፈውም። ብቻ ትንሿ ልጅዎ በያዝነው ወር በአሥራ ዘጠነኛው ቀን አራት ዓመት ስለሚሞላት፣ እንኳን አደረሳት፤ ስሟም በጣም ያምራል፣ አጭርም ስለሆነ ለጣት ይመቻል።