የጫማውን ቁጥር የነገርኩሽ እኔ ነኝ

ለምወድሽ ልጄ፣

የወንድምሽ ሞት የተነገረኝ ሰኞ ጠዋት ነበር። ከዚያ ሰኞ ወዲህ አንቺን «እንዴት ነሽ?» ብዬ ጠይቄሽ አላውቅም። ስልክ ስናነሳ አንቺ ታለቅሻለሽ፣ እኔ አለቅሳለሁ፣ ከዚያ መስመሩ ይቋረጣል። ስለዚህ የአራት ወሩን ሰላምታ ዛሬ ባንድ ላይ ልስጥሽ። እንዴት ነሽ ልጄ? ጤናሽስ? ወገብሽ ተሻለሽ ወይ? እንቅልፍስ ይወስድሻል? ባልሽ ደህና ነው? ልጆቹስ አደጉ? ብርዱ ገብቷል ወይ? እኔ ሥራዬን ይዤ አለሁ። ጉልበቴን ትንሽ ያመኛል፤ ምክንያቱን እታች ታገኚዋለሽ። ደህና ነኝ የምልሽ ሐዘንተኛ ደህና የሚሆነውን ያህል ነው።

ያን ሰኞ በወጉ ነግሬሽ አላውቅም። ሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ፣ ከካውያ ጋር አንሶላ እያጠፍን ነበር። ካውያን መቼም አትረሻትም፤ ልብስ የምትተኩሰው ወፍራሟ ጓደኛዬ ናት። ምላሷም እንደ መተኮሻዋ ስለሚፋጅ ስሙን ክፍሉ በሙሉ ነው ያወጣላት። በሩ ላይ ሁለት ሰዎች ቆሙ። አንዱ ወንድምሽ ፍሪጅ የሚጠግንበት ቤት ባለቤት ነው፤ ሌላው የሥራ ጓደኛው፣ ያ ቀጭን ረጅሙ፣ ሰንበሌጥ የሚሉት። ሁለቱም ምንጣፉ ላይ እግራቸውን ጠረጉ፤ ደግመው ጠረጉ። ደስ የሚል ወሬ የያዘ ሰው እግሩን እንደዚያ አይጠርግም። ካውያ «ልቀቂው እንጂ አንሶላውን» ስትለኝ «መጀመሪያ ይታጠፍ» አልኳት። አራት ጊዜ አጠፍነው። ከዚያ በኋላ ሰንበሌጥ «እማማ፣ ሐይቁ ጋ…» ብሎ ጀመረና መጨረስ አቃተው።

እሑድ ዕለት ከሥራ ቤታቸው ስድስት ሆነው፣ ድሮ እሳት ተፍቶ በጠፋው ተራራ አፍ ውስጥ የተኛውን ሐይቅ ሊያዩ ሄደው ነበር፤ ወንድምሽ ከአፋፉ ወድቆ ቀረ። ወንድምሽ ከቤት እስከ አውቶቡስ ማቆሚያ ካልሆነ በእግሩ ተጉዞ የማያውቅ ልጅ ነው። ተራራ ልወጣ ነው ብሎ ሲደውልልሽ ደስ ብሎሽ የተራራ ጫማ የላክሽለት አንቺ ነሽ። ይህን ሁለታችንም እናውቃለን። አንቺ የማታውቂው ሌላ ነገር አለ፤ ይህን ደብዳቤ የምጽፍልሽ ለዚያ ነው። ሦስት ቀን ሆነኝ ስጽፈው። በምሳ ሰዓት ማጠፊያው ጠረጴዛ ላይ ቁጭ እልና ሁለት መስመር ጽፌ አንዱን እሰርዛለሁ።

ባለፈው ወር ባልሽ ከሥራ ቦታው ደወለልኝ። «እማማ፣ አይቆጡኝና አንድ ነገር ልንገርዎ» አለ። ጫማዎችሽን በሙሉ ከረጢት ውስጥ ከተሽ አልጋ ሥር እንደገፋሻቸው፣ ዕቃ የምታሽጊበት መጋዘን በዚያ ብርድ በነጠላ ጫማና በካልሲ እንደምትሄጂ፣ አለቃሽ የሥራ ደንብ ነው ብሎ ሁለት ጊዜ ከበር እንደመለሰሽ፣ ሦስተኛውን እንደማይታገሥ ነገረኝ። ሲጠይቅሽ «ሰፊ ጫማ ልኬ ወንድሜን የገደልኩ እኔ ነኝ» እንደምትይውም ነገረኝ። ነገረኛ ብለሽ እንዳትቆጪው። ሚስቱን የሚወድ ባል ምስጢር መጠበቅ አይሆንለትም።

ጫማው እንደሰፋው በለቅሶው ሰሞን ከሰንበሌጥ አፍ እንደሰማሽ አውቃለሁ። ከዚያ ወዲህ ሱቁ ውስጥ ቸኩዬ ይሆናል፣ ቁጥሩን አሳስቼ ይሆናል እያልሽ ራስሽን ትበያለሽ። ልጄ፣ አንቺ አላሳሳትሽም። ደውለሽ «እማዬ፣ እግሩ ስንት ቁጥር ነው?» ስትዪኝ አርባ ሦስት ያልኩሽ እኔ ነኝ። የወንድምሽ እግር አርባ ሁለት ነው። አውቅ ነበር።

ለምን እንዳልኩ ልንገርሽ። እናንተን ሳሳድግ ጫማ በልክ ገዝቼ አላውቅም። አንድ ቁጥር ጨምሬ እገዛለሁ፤ ጫፉ ላይ ጨርቅ እጠቀጥቃለሁ፤ «ታድጉበታላችሁ» እላለሁ። የትምህርት ቤት ጫማሽ ልክሽ ሲሆን ሶሉ አልቆ ነበር፤ እግርሽ ሲደርስ ጫማው ሄደ እያልሽ ትስቂብኝ ነበር። የሃያ ስድስት ዓመት ጎረምሳ እግር ያድጋል ብዬ አይደለም፤ ምላሴ ለምዶት ነው አንድ የጨመረው። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ትዝ ብሎኛል። ደግሜ ልደውል አልኩና እሳት ላይ የጣድኩት ነበረ፣ ተነሳሁ፤ በዚያው ቀረ። ከዚያ በኋላ ደግሞ ፈራሁ። አንቺ በደልሽን ስትቆጥሪ እየሰማሁ አራት ወር ሙሉ አፌን ዘጋሁ። እናት ልጇን ጋሻ አድርጋ ከኋላዋ ስትደበቅ ሰምተሽ ታውቂያለሽ? እኔ ተደብቄአለሁ።

ባልሽ ከደወለ ወዲህ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ያላየሁትን ተራራ መርገምም ሰለቸኝ። እውነት ጫማው ከሆነ የገደለው፣ ሄጄ ቦታውን አይቼ ልወቀው፣ አውቄም እዳዬን ልሸከም አልኩ። ለሰንበሌጥ «የመራችሁን ሰውዬ ስልክ ስጠኝ፤ እናቱ እንደሆንኩ ግን እንዳትነግረው» አልኩት። ለሐዘንተኛ እውነት የሚናገር የለም፤ ሁሉም ማር ቀብቶ ነው የሚሰጥሽ። ካውያ ብቻሽን አትሄጂም አለች። «አንቺ ደረጃ እንኳ ስትወጪ ሦስት ጊዜ ታርፊያለሽ» ብላት፣ «አራተኛውን ተራራው ላይ አርፋለሁ» አለችኝ።

መቼም ለመጀመሪያ ጊዜ ተራራ የሚወጣ ሰው ሞኝነቱ አያልቅም። እኔ ጥሩውን ቀሚሴን ለብሼ ጃንጥላ ይዣለሁ። ካውያ የሦስት ቀን ምግብ ተሸክማለች። ውሃችንን ገና ሜዳው ላይ ጨረስነው። መንገድ መሪው ጢሙ የሸበተ፣ ንግግሩ ቁጥብ የሆነ ሰው ነው። ጃንጥላዬን አየና ከራሱ ውሃ ግማሹን ቀዳልን። አካሄድ አለው፤ ሁልጊዜ ደካማውን ከፊት አስቀድሞ እሱ ከኋላ ይከተላል። እርምጃው በደካማው ልክ ይሁን ብሎ ነው። በሕይወቴ ሰው አስከትዬ ስሄድ የመጀመሪያዬ ነበር። ትንፋሼ ሲቆራረጥብኝና ስጣደፍ «እማማ፣ ቀስ ይበሉ፤ ተራራው የትም አይሄድም» ይለኛል። ካውያ ከመሀል ሆና፣ የዓለቱን ሽብሽብ እያየች «ይህን ተራራ አጥበው ሳይተኩሱ ነው የተዉት» አለች። ሰውየው ያን ጊዜ ብቻ ሳቀ።

እላይ ስንደርስ ተራራው አፉን ከፍቶ ሐይቁ ከሥር ተኝቷል። ነጭ ልብስ እንዳይወይብ ውሃ ውስጥ የምንጨምረውን ሰማያዊ ታውቂው የለ? ልክ እንደዚያ ነው፣ ገና ሳይበጠበጥ። ነፋስ ነበር፤ ውሃው ግን እንደታጠፈ ጨርቅ ዝም ብሏል። ድንጋዩ በቀዳዳ የተሞላ ነው፤ አንስተሽ ስትይዥው እንደ ደረቅ ዳቦ ይቀልልሻል። እጠላዋለሁ ብዬ ነበር የወጣሁት። መጥላቱ ሳይሆንልኝ ቀረ፤ ምን ላድርግ ልጄ፣ ያምራል።

እዚያ ቁጭ ብለን ሳለን ሰውየውን እንደዘበት አድርጌ «እዚህ ሰው ይወድቃል ወይ?» ብዬ ጠየቅሁት። ካውያ አፏን ልትከፍት ስትል ጭኗን ቆነጠጥኳት። ሰውየው «በአሥራ ስምንት ዓመት አንድ» አለ። «ፍሪጅ ጠጋኝ ነበር። ተጫዋች ልጅ። ሲያርፉ ጫማውን ሲያወልቅ ሁለት ካልሲ ደርቦ አየነውና ጓደኞቹ ሳቁበት። እሱ ምን አለ መሰላችሁ? ‹እናቴ ቁጥር ስትጠየቅ የዘንድሮን አትናገርም፤ የከርሞን ነው የምትናገረው። እህቴ ደግሞ እናቴ ያለችውን ሳትመረምር ትገዛለች። ለሁለቱም ስል ሁለት ካልሲ አደርጋለሁ› አለ።»

ልጄ፣ ያውቅ ነበር። ከመጀመሪያው ቀን ያውቅ ነበር፤ ተቀይሞም አይደለም፣ እየሳቀብን ነው። እኔም እዚያ ተራራ አናት ላይ ሳቄ አመለጠኝ። ካውያ ያበድኩ መስሏት ክንዴን ያዘች። ከዚያ ሳቁ ወደ ምን እንደተለወጠ አልነግርሽም፤ አንቺው ታውቂዋለሽ።

ሰውየው ገባው። ባርኔጣውን አወለቀ። «ያቺ እናት እኔ ነኝ» አልኩት፤ «አሁን ማር ሳትቀባ ንገረኝ። ጫማው ነው ወይ?» ተነስቶ፣ እጄን ይዞ ቦታውን አሳየኝ። የአፋፉ ጠርዝ ተገምሶ ወድቋል፤ የቀረው አፈር ገና ቀይ ነው። ሐይቁ ዳር ወርደው፣ ፊታቸውን ታጥበው፣ ተመልሰው ወጥተው ነበር አለ። ከዚያ በፊት ሁለት ቀን ዝናብ ጥሏል። ወንድምሽ ጠርዙ ላይ ቆሞ ነበር፣ አንድ እርምጃም አልተራመደም። የቆመበት መሬት ይዞት ሄደ። «ባዶ እግሩን ቢሆን ያው ነበር፤ ፍየል ብትቆምበትም ያው ነበር» አለኝ። እኔ ግን ቃል ብቻ አልበቃኝም። ራቅ ብዬ ቆሜ፣ የተገመሰውን በክንዴ ለካሁት፤ ሠላሳ ዓመት አንሶላ የለካ ክንድ አይሳሳትም። አንድ ሙሉ የታማሚ አንሶላ ርዝመት ነው የሄደው። ይህን የሚያህል መሬት በጫማ ስፋት አይናድም። ለማጽናናት ብዬ አይደለም የምጽፍልሽ፤ ለክቼ ነው።

ለምን እዚያ እንደቆመም ጠየቅሁት። ወደ ኋላ የቀረ ቀጭን ረጅም ጓደኛውን ይጠብቅ ነበር አለኝ። ሰንበሌጥን ማለቱ ነው። ያ ልጅ ቤቴ እየመጣ ውሃ የሚቀዳልኝ፣ ዓይኔን የማያየው ለካ ለዚህ ኖሯል፤ «ቀስ ብዬ ባልሄድ» እያለ ነው። መንገድ መሪውም ስንወርድ «አትቁም ማለት ነበረብኝ እማማ፣ አላልኩም» አለኝ። እኔ ቁጥሩን፣ አንቺ ጫማውን፣ ሰንበሌጥ ዝግታውን፣ ሰውየው ዝምታውን ይዘን አራት ሰው አንድ ልጅ ገደልኩ እያልን አራት ወር ተቀመጥን።

ቁልቁለቱ ጉልበቴን ጨረሰው። ግን ስወርድ አንድ ነገር አሰብኩ። እነዚህን አራት ወራት ስጸልይ «ይቅር በለኝ» እንጂ «ልጄን ማርልኝ» ብዬ አላውቅም። ስለ ራሴ ነበር የማለቅሰው። አንቺም እንደዚያው ይመስለኛል። ጥፋቱን ስንሻማ ልጁን ረሳነው።

ይህ ደብዳቤ ሲደርስሽ ከረጢቱን ፍቺው። ጫማሽን አድርጊና ሥራሽ ግቢ፤ ብርድ እግር ውስጥ ከገባ በኋላ አይወጣም። የምትቀየሚ ከሆነ እኔን ተቀየሚኝ፣ መብትሽ ነው፤ ዝም ማለቴ በደል ነበር። ተቀይመሽም ቢሆን ደውይልኝ። እንደ ፊቱ እየተላቀስን መስመሩ ይቋረጥ፤ ግዴለም።

ባልሽን ሳሚልኝ፤ ስላሳበቀልኝ እመርቀዋለሁ በይው። ትልቋን የልጅ ልጄን የወለቀው ጥርሷ በቀለ ወይ በይልኝ። ትንሹ ወንድሟ ተሜ ዝሆን መሣሉን እንዳይተው፤ የላከልኝን ማጠቢያው ክፍል ግድግዳ ላይ ለጥፌዋለሁ፣ ካውያ ግን «እኔን ነው የሣለው» ብላ ተቀይማለች። ቤት የሚያከራዩሽን ሴትዮ በሐዘንሽ ሰሞን ሾርባ እየያዙ ስለወጡልሽ እጃቸውን ስሚልኝ። ካውያም ሰላም ብላሻለች፤ ሰንበሌጥም፣ አሁን ዓይኔን እያየ፣ ሰላም በይልኝ ብሏል።

ሁላችሁም፣ ይህን ደብዳቤ የሚያነብላችሁም ሆነ አጠገብ ተቀምጦ የሚሰማ እንግዳም ቢሆን፣ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ማን አጠፋ የሚለውን ተዉት። እጃችሁን ዘርግታችሁ ለልጄ ጸልዩለት። ጓደኛውን ቆሞ ሲጠብቅ የሞተ ልጅ ነውና ፈጣሪም ቆሞ ይቀበለው በሉልኝ። ነፍሱን ይማርልኝ በሉልኝ።

እናትሽ

ከልብስ ማጠቢያው ክፍል፣ በምሳ ሰዓት
ሐሙስ፣ ኅዳር 12 ቀን