ታናሼ የቀባቸው ትናንሽ ሰዎች

ይድረስ ለምትናፍቂኝ እናቴ፤

እማዬ፣ እንዴት ከረምሽ? ጉልበትሽስ እንዴት አደረገሽ፣ ደረጃ መውጣቱ ተሻለሽ? እንቅልፍ ትንሽ ይወስድሻል? እህል አልወርድ ብሏታል ብላ አክስቴ ነግራኛለች። እባክሽ ትንሽም ቢሆን ቅመሺ፤ አንቺን ደግሞ የምንቀብርበት አንጀት የለንም። እኔ አለሁ። ደህና ነኝ ብዬ አልዋሽሽም፤ ግን ቆሜ እሄዳለሁ፣ ሥራ እገባለሁ።

ባለፈው ስለ ታናሼ በስልክ ያልሽኝ ከጆሮዬ አልወጣ ብሏል። «እሱ ሳይሞት በፊት እኔን ቀብሮኛል፤ በእጁ ደብዳቤ መጻፍ ከተወ ሁለት ዓመት አለፈው፤ ምን በደልኩት?» አልሽና አለቀስሽ። እኔም አብሬሽ አለቀስኩ። እውነትሽን ነው፤ በየወሩ ገጽ ሙሉ ይጽፍልሽ የነበረ ልጅ ድንገት በስልክ «ደህና ነሽ? ደህና ነኝ» ብቻ ሆነ። ስጠይቀው «ሥራ በዛብኝ» ይለኝ ነበር። በሽታውንም የነገረን አልጋ ከያዘ በኋላ ስለሆነ ሁላችንም የጥቂት ወር ሕመም ነው የመሰለን። አሁን ግን መልሱን አግኝቼዋለሁ፤ ቁጭ ብለሽ ስሚኝ።

ስለነዚያ ጣት ስለሚያክሉት ምስሎቹ አውርቼልሽ ስቀሽ ነበር። ዘንዶ፣ ክንፍ ያለው ፈረስ፣ ጎራዴ የመዘዘ ጦረኛ፣ ጢሙ መሬት የሚጠርግ አስማተኛ፤ ከጓደኞቹ ጋር ጠረጴዛ ላይ እያሰለፉ የሚያዋጓቸው። ከፋብሪካ ግራጫ ሆነው ይመጣሉ፤ እሱ ፍቆ አስተካክሎ ይቀባቸዋል። እኔማ «አንተ ጭራሮ፣ ጢም አብቅለህ በአሻንጉሊት ትጫወታለህ?» እያልኩ አበሽቀው ነበር። እሱ ደግሞ «አሻንጉሊት አትበያቸው፣ ይቀየሙሻል» ይለኛል። ወይኔ ወንድሜን!

ጓደኞቹ በምስል ቅብ ውድድራቸው ቀን የእሱን ሥራ ለመታሰቢያው ሊያሳዩ ፈልገው፣ የሚመርጡ አንድ ሽማግሌ ላኩልኝ። እንጀራቸው ሰዓት መጠገን ነው፤ በውድድሩ ደግሞ ዳኛው እሳቸው ናቸው። ሰዓት ሠሪው ምስሎቹን ሁሉ መስኮቱ ሥር ደርድረው፣ ማጉያ መነጽራቸውን ዓይናቸው ላይ ሰክተው አንድ በአንድ ያገላብጡ ጀመር። መጀመሪያ የሚያዩት ቅርጹን ነው፤ የልብሱ እጥፋት ጠልቋል ወይ፣ ጣቶቹ ተለያይተዋል ወይ፣ ከፋብሪካ የመጣው የመገጣጠሚያ መስመር ተፍቆ ጠፍቷል ወይ። ቀጥለው ቀለሙን፤ ስስ ነው ወይ፣ ከጠርዙ አልፏል ወይ፣ ሁለቱ ዓይኖች አንድ ቦታ ያያሉ ወይ። ምሕረት የሚባል አልፈጠረባቸውም። የሞተ ሰው ሥራ ነው ብለው እንኳ አያባብሉም። «ይቺ ወድቃለች፤ ይሄም ሸውራራ ነው» ሲሉ ደሜ ፈላ። ታውቂኝ የለ፣ ሻይ ላፍላ ብዬ ወጥ ቤት ገባሁ እንጂ ላባርራቸው ምንም አልቀረኝም ነበር።

ስመለስ ምስሎቹን በሁለት ረድፍ ከፍለው፣ አቀርቅረው አገኘኋቸው። «ልጄ፣ የወንድምሽ እጅ መንቀጥቀጥ የጀመረው መቼ ነው?» አሉኝ። ዘንድሮ ነው አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁና ያዩትን አሳዩኝ። በመጀመሪያው ረድፍ የቀበቶው ዘለበት እንኳ ጥርት ያለ ነው፤ በሁለተኛው ረድፍ መስመሩ ሁሉ ይርገበገባል። ደግሞ በሁለተኛው ረድፍ ያሉት ወይ ቆብ እስከ አፍንጫቸው ያጠለቁ ናቸው፣ ወይ ፊታቸውን ብረት የሸፈናቸው። ዓይን መሳል ስላቃተው ዓይናቸው የማይታየውን እየመረጠ ይገዛ ነበር። ከነሱ የመጀመሪያውን ሲያመጣ ትዝ ይለኛል፤ እኔ ሥራ የቀየርኩ ሰሞን ነው፣ ሁለት ዓመት ያለፈው። በእጁ መጻፍ የተወው ለዚህ ነው እማዬ። እጁ እምቢ ብሎት ነው። ፊደሉ ተጣሞ አይታ ከምትደነግጥ ብትቀየመኝ ይሻላል ብሎ ነው።

አንዲት ብቻ ፊቷ ያልተሸፈነ ነበረች፤ በመጨረሻ የቀባት፣ ቅጠል የያዘች መድኃኒት አዋቂ ሴትዮ። ሰዓት ሠሪው እሷን ከሁሉ ይበልጥ ነቀፏት። ዓይኖቿ ተንሸዋረዋል፣ ግራ ጉንጯ ላይ ቀለሙ ተቆልሎ ቅርጹን ደፍኖታል፣ በዚያ ላይ ጥቁር ጠብታ አምልጦት አርፎባታል አሉ። «ሰው ፊት ሳትቀርብ ይቺን ጠብታ እንኳ ላጥፋለት» ብለው ብሩሻቸውን ቀለም ማስለቀቂያ ውስጥ ነከሩ። ጎንበስ ብዬ ሳያት ጮኽኩ። «አይንኩብኝ! ጠብታ አይደለችም! እናታችን እዚያው ላይ ማርያም የሳመቻት ምልክት አላት!» አልኳቸው። ከከንፈርሽ ጫፍ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ልክ ያንቺው ቦታ ላይ ናት እማዬ።

ሽማግሌው ብሩሹን አስቀመጡ። እንደገና በማጉያው ብዙ ቆይተው አዩዋት፤ ድምፃቸው ተለወጠ። ቀለሙ የተቆለለው በግዴለሽነት አይደለም አሉኝ። ነጥቧን ያኖራል፣ እጁ ይስታል፣ በቆዳ ቀለም ይሸፍናታል፣ ሲደርቅ እንደገና ያኖራል። የሳቱት ነጥቦች ከሥር ጠቆር ጠቆር እያሉ ይታያሉ፤ ማጉያውን ሰጥተውኝ በዓይኔ አየሁ። «ስንቱን ዳኝቼ፣ እንዲህ ስቼ አላውቅም» አሉና ሻያቸውን ሳይነኩ ተቀመጡ። እኔም እንደ ሕፃን አነባሁ፤ አላፈርኩም።

እሷን ለውድድሩ አልሰጠኋቸውም፤ የአክስቴ ልጅ ይዛልሽ ትመጣለች። በእርጥብ ጨርቅ እንዳትወለውዪያት። ጉንጯን በጣትሽ ዳበስ አድርጊው፣ ጉብ ብሏል። ያ ሁሉ አንቺን ለማግኘት የሞከረው ነው።

አባዬን ጉልበቱን ሳሚልኝ፤ «ልጄ ኮርቶብን ነው» ያላትን ቃል ይመልሳት። ታላቅ ወንድሜን ከነልጆቹ ሰላም በይልኝ፤ ልጆቹ እንዳያዋጓት ከፍ ያለ ቦታ አስቀምጪያት። አክስቴን ስለ ምግብሽ አደራ ብላለች በያት። ጎረቤታችንን ልብስ ሰፊዋንም ጠይቂልኝ።

ልጅሽ

ከታናሼ ክፍል፣ የካቲት 9 ቀን