ሠላሳ አምስት

ውድ ጉናሴላን፣

ጣውንቴን ልገድልብህ ነበር። ነገር ሲንዛዛ ስለማትወድ ከሁሉ አስቀድሜ እሱን ነገርኩህ።

ከሞትክ አራት ወርህ። እኔ አላለቀስኩም። በሽኝትህ ቀንም፣ በአሥራ ስድስተኛው ቀን ጸሎትህም እንባ አልወጣኝም። እህቶችህ «ልቧ ድንጋይ ነው» ብለው እንዳሙኝ ሰምቻለሁ፤ አልፈረድኩባቸውም። ምንም አይሰማኝም ነበር። ልጅህ ቲሩሻ የዓሳውን ወጥ ቀምሳ «እማ፣ ይሄ እኮ ጨው ብቻ ነው!» ስትለኝ፣ እኔ ሳህኔን ጨርሼ ነበር።

የባሕር ፍጥረት የምታሳድግበትን ገንዳህን ግን አልተውኩም። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ «ጣውንቴ» ስላት የኖርኩትን ያቺን መስታወት! እሁድ እሁድ ውሃውን ለክተህ «ቫሊ፣ ሠላሳ አምስት!» ብለህ ስትጮህ፣ እኔ ከወጥ ቤት «እሰይ! በል አግባትና እንገላገል!» እልህ ነበር። የጨዉ ልክ እንደሆነ እንኳ ጠይቄህ አላውቅም። ያ ድንጋይ መስሎኝ «ነፍስ አለው» ያልከኝ ቢጫ ኮራል ግን፣ ቲሩሻ በተወለደች ዓመት አውራ ጣት አክሎ ያመጣኸው፣ አድጎ ጥቅል ጎመን አክሎ ነበር። እሱ እንዳይሞትብኝ ፈራሁ። የቀረኝ ስሜት እሱ ፍርሃት ብቻ ነበር።

ስለዚህ ውሃውን የምትመረምርባቸው ጠርሙሶች ላይ የጻፍከውን እያነበብኩ ጠብታ ቆጠርኩ፤ ሰማያዊው ወደ ቢጫ ሲዞር ቁጥሩን በደብተርህ ጻፍኩ። ውሃው በየቀኑ ይጎድላል። አንተ ከባሕር በጀሪካን ስታመጣ አይ ስለነበር፣ እኔም ብላፍ ባሕር ዳርቻ ወርጄ እየቀዳሁ ሞላሁት። የባሕር ፍጥረት የባሕር ውሃ ነው የሚፈልገው አልኩ። ይሄ ምኑ ይሳታል?

ኮራሉ ከጫፍ ከጫፉ መንጣት ጀመረ። ባለፈው ወር ጓደኛህ ምዱዱዚ ሊጠይቀኝ መጥቶ ገንዳውን ሲያይ ደነገጠ። ጣቱን ነክሮ ላሰ።

«እትዬ ቫሊ፣ ይሄ ገንዳ ነው ሾርባ?»

«የጎደለውን እየሞላሁ ነው።»

«በምን?»

«በባሕር ውሃ ነዋ!»

ራሱን ያዘ። «ኧረ እትዬ! የሚተነው እኮ ውሃው ነው፤ ጨዉ የትም አይሄድም። የጎደለ የሚሞላው በንጹሕ ውሃ ነው። የጨው መለኪያውስ የታለ?»

መለኪያው ኮትህ ኪስ ውስጥ ነበር። ከሞትክ ጀምሮ ቁም ሳጥንህን አልነካሁትም፤ ያን ቀን ከፈትኩት። ሽታህ አለ። እሱም ምንም አላደረገኝም። ለካን፤ አርባ ሁለት።

ንጹሕ ውሃ በባልዲ አምጥቼ ልገለብጥ ስል ምዱዱዚ እጄን ያዘኝ። «ቀስ ይበሉ! ባንዴ ከሆነ የተረፈውም ያልቃል። በቀን ከገንዳው አንድ ጆግ ይቅዱ፣ አንድ ጆግ ንጹሕ ይጨምሩ። በቃ።»

ሁለት ሳምንት አንድ ጆግ ቀዳሁ፣ አንድ ጆግ ጨመርኩ። ኮራሉ ግን በአሥረኛው ቀን ሞተ፤ ነጭ አጽሙ ብቻ ቀረ። እኔ ነኝ የገደልኩት። እጄን ታጥቤ ሳህኖቹን አጠብኩ። ማታውን ለምዱዱዚ ደውዬ «ገንዳውን ናና ውሰደው» አልኩት።

«አራት ቀን ይቀረናል፤ ጆጉን አይተዉ» ብሎ ስልኩን ዘጋው። ምን ገገማ ነው ይሄ ሰውዬ!

ትናንት ውሃ የሞላ ፌስታል ይዞ መጣ። ውስጡ አውራ ጣት የምታክል ቢጫ ነገር አለች። እናንተ ኮራላችሁ ሲያድግ እየቆረሳችሁ ለጓደኛ የምትሰጡት፣ እኔ ለጉራ ይመስለኝ ነበር።

«ጋሽ ጉናሴላን ከዚያው ቆርሶ የሰጠኝ ነው» አለኝ። «ሲሰጠኝ ‹የእኔ ከሞተ ትመልስልኛለህ› ብሎኝ ነበር።»

ድንጋዩ ላይ አጣበቅናት። ከሰዓት በኋላ እንደ አበባ ጫፎቿን አንድ በአንድ ከፈተች። ያኔ አለቀስኩ፣ ጉናሴላን። አራት ወር የት ተጠራቅሞ እንደቆየ እንጃ፤ ገንዳህ ላይ ተደፍቼ እንደ ሕፃን አለቀስኩልህ።

አትስጋ፣ የሳሪዬን ጫፍ አገጬ ሥር ይዤ ነበር። አንዲት ጠብታ አላስገባሁም። ሲወጣልኝ ተነሥቼ ለካሁና፣ ሰው በሌለበት ቤት ወደ ወጥ ቤቱ ዞሬ ጮህኩ።

ሠላሳ አምስት!

ጣውንቷን የምታሳድግልህ፣
ቫሊ