በሁዳዴ የናጥሁት ውስኪ

መተማ፣ መጋቢት ፲፪ ቀን ፲፱፻፴፫ ዓ.ም.

«ውስኪ በሎሚ ያለ እንቁላል ምኑን መጠጥ ሆነ!» አለ አስተርጓሚ የሆንሁለት እንግሊዛዊ መኮንን፣ ለጓደኛው። እኔም ቃሉን አምኜ ዛሬ ቤቴ ውስኪውን ከሎሚ፣ ከስኳርና ከእንቁላል ነጭ ጋር በጠርሙስ ናጥሁት። የነፍስ አባቴ አባ ወልዴ ከቅዳሴ መልስ ጎራ ቢሉ ቀዳሁላቸው። ሁዳዴ መሆኑ ትዝ ያለኝ ብርጭቆውን ሲጨልጡት ነው።

«ምን ገብቶበት ነው ልጄ፣ እንዲህ አረፋ የሚደፍቀው?»

«የእንግሊዝ ሎሚ ነው፣ አባቴ።»

«ሎሚያቸውም ጉድ ነው! እስቲ ድገመኝ።»

ሁለተኛውን በስኳር ፈንታ በማር አደረግሁላቸው። እንቁላሉን ግን አልተውሁም፤ አረፋው ቢጠፋ ይነቁብኛል ብዬ ፈራሁ።

እኒያን ጾመኛ በእጄ አስገደፍኋቸው። ሳልውል ሳላድር ንስሐ መግባት አለብኝ። መተማ ውስጥ ከእሳቸው ሌላ ቄስ የለም።