ከባንኮኒው ሥር

ይድረስ ለወንድምዬ፣

ጤናህ እንዴት ነው? የዚያ አገር ብርድ በረድ አለልህ? እኔና እማዬ ደህና ነን፤ ከአንተ በቀር የጎደለን የለም።

ከተማችን ግን ጥለሃት እንደሄድከው አይደለችም። ከጎረቤት አገር ጦርነት የሸሹት ስደተኞች ካምፑን ሞልተው ወደ ሰፈር ገብተዋል፤ የቤት ኪራይ ሰማይ ነክቷል። እኔ የምሸጥበት ዳቦ ቤትም ረፋድ ላይ ባዶ ይቀራል። የሰፈሩ ደንበኞች "ለማን ነው የምትጋግሩት?" እያሉ ሲጮሁብን፣ አለቃዬ "ለኛ ሰው ከባንኮኒው ሥር ደብቂ፤ እነሱን አልቋል በያቸው" አለኝ። እላለኋ! እንጀራዬ ነው፣ ምን ላድርግ?

ትናንት ከስደተኞቹ አንዱ መጣ፤ እንዳንተ አንገተ ቀጭን፣ ጃኬቱን እስከ አገጩ የቆለፈ። "አልቋል" አልኩት። የትኩሱ ዳቦ ሽታ ከእግሬ ሥር ተነስቶ ቤቱን ሞልቶታል፤ እሱ ግን አመስግኖኝ ወጣ። ለእማዬ ብነግራት እራቷን ሳትጨርስ ተነሳች።

አንተ ካለህበት ካምፕ አጠገብ ዳቦ ቤት አለ ብለኸን ነበር። የምትሸጠው ሴት ምን ዓይነት ናት? ስትገባ ቀና ብላ ታይሃለች?

እማዬ አገላብጣ ስማሃለች። ዳቦ ልትገዛ ስትሄድ በማለዳ ሂድ እሺ፣ ሳያልቅ።

የምትወድህ እህትህ